ደረቅ መሬት ለእማማ ብርቄ

ዝገት ከእርጥብ አፈር ጋር ሲሸት ደስ የሚለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔን ደስ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የበርሜል ቁራጭ መሬት ውስጥ ተክሎ ችግኝ ሲያጠጣበት ሽታው በአጥሩ አልፎ መጣና ሥራዬን አስፈታኝ። ባሕር ዳር፣ የቤታችን ጓሮ፣ ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ አንዲት ሴትዮ ዱካ ላይ ተቀምጠው ውኃ ሲሰርግ ያያሉ። የዚያን ዓመት ነገር ከዚህ በፊት ለመጻፍ ሞክሬ ግጥም እየሆነ አስቸግሮኛል። ግጥም ሲሆን ሴትዮዋ ይለሰልሳሉ። እሳቸው ደግሞ ለስላሳ አልነበሩም።

እማማ ብርቄ የአባቴ አክስት ናቸው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ አባቴ ከላስታ አምጥቶ እኛ ዘንድ አኖራቸው። ባሕር ዳርን አልወደዱትም። ሙቀቱን ታገሡ፣ ትንኙን ታገሡ፣ የዓሣውን ሽታ እንኳ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ታገሡ፤ ሐይቁን ግን አልታገሡትም።

«ይኼ ሁሉ ውኃ ተኝቶ ምን ይሠራል? ማንን ነው የሚጠብቀው?» ይሉ ነበር።

እኔም ሐይቁ እውነትም ሰው የሚጠብቅ ስለ መሰለኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳርቻውን ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው። እንዳይለየኝ።

እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። አባቴ የአፈር ቴክኒሽያን ነበር። መንግሥት በሐይቁ ዳርቻ፣ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ እርሻ ሊያስፋፋ አስቦ፣ አፈሩ ውኃ በምን ፍጥነት እንደሚጠጣ እንዲለካ ታዝዞ ነበር። መሣሪያው ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ አንዱ የድስት ያህል፣ ሌላው የበርሜል ያህል። ትንሹን በትልቁ መካከል አድርጎ፣ ሣሩን ሳይነቅል፣ ሁለቱንም በመዶሻ እስከ ግማሻቸው መሬት ውስጥ ይቀብራቸዋል። ውኃ ይሞላቸዋል። ከዚያ በትንሹ ውስጥ ማስመሪያ አቁሞ ሰዓቱን እያየ ውኃው ምን ያህል እንደ ወረደ ያነባል። የትልቁ ውኃ ትንሹን ለመክበብ ብቻ ነው፤ የመካከሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲሄድ ያደርገዋል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጠዋት ከቤት ስለሚወስደው ዕቃው የሚያድረው ጓሯችን ነበር።

አባቴ ለእኔ መሬትን የሚፈትን መምህር ነበር። ቶሎ የጠጣ ያልፋል፣ ያልጠጣ ይወድቃል። የወደቀው ምን እንደሚደረግ አልጠየቅሁም። በዚያ ዘመን ምን እንደ ተደረገ የማይጠየቅ ነገር ብዙ ነበር።

ነሐሴ ላይ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። እማማ ብርቄ እጄን ይዘው ወደ ቀብሩ ወሰዱኝ። መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ሁለት ሰዎች ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው በጣሳ ውኃ ይጨልፋሉ። የጨለፉት ተመልሶ ይሞላል። ዝናቡ እየበረታ ሄደ፤ ሰውም ደከመው መሰለኝ፣ ሬሳው ወረደ። ድምፁን ሰማሁት። ልብስ ሳፋ ውስጥ ሲነከር የሚሰማው ዓይነት ነበር። እማማ ብርቄ እጄን በጣም ስለጨበጡት ጣቶቼ ደነዘዙ።

ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። አባቴ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቁት።

«ታዬ፣ እኔ ውኃ ውስጥ አልቀበርም።»

«ደግሞ ማን ይሞታሉ አለዎት፣ እማማ?»

«ሞትን መቼ አነሣሁ? ሞቱንስ እሞታለሁ። መርጠብ ነው ያልሁህ።»

«እሺ፣ አገርዎ ወስደን እንቀብርዎታለን።»

«በጭነት መኪና? ከበርበሬ ጆንያ ጋር?» አሉ። «የእኛ አገር ሙታን ደረቅ ናቸው። ዐለት ሥር ይተኛሉ፤ ነፋስ እንጂ ሌላ አያገኛቸውም። ወደ አፈር እንመለሳለን እንጂ ወደ ባሕር እንመለሳለን ያለ አለ?»

አባቴ ሣቀ። እሳቸው አልሣቁም።

ኅዳር ሲገባ አባቴ አንድ ቀን ቀለበቶቹን ጓሮ ውስጥ ተክሎ ይሞክር ነበር። የትልቁ ጠርዝ ስለ ጎበጠ አቅንቶት ነው። እማማ ብርቄ ዱካቸውን አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡና ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። ደረቅ መሬት ውኃ ሲጠጣ ድምፅ አለው፤ ትንንሽ አረፋ እያወጣ ይንሾካሾካል። ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ፣

«ታዬ፣ ውኃ ቶሎ የሚጠጣ መሬት ደረቅ ነው ማለት ነው?» አሉት።

አባቴ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ከውጭ የመኪናው ጡሩምባ ይጮሃል።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው» ብሎ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህች «አዎ» የወጣ ነው።

በበጋው እማማ ብርቄ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አፉንም ቂጡንም አስቆረጡ። የብረቱ ቀለበት ለእሳቸው ይከብዳል። የቀረው ሰዓት ነው። የአባቴ ሰዓት ከክንዱ አይወርድም። መጀመሪያ በጸሎት ሊለኩ ሞከሩ፤ ግን ጸሎታቸው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ደግሞ ሐሳብ ይዟቸው ይሄድና መሐል ላይ ይቆማል።

«አንቺ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት የምትጮኹትን በዪልኝ እስቲ» አሉኝ።

እኛ በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈን መዝሙር እንዘምር ነበር። የስፖርት መምህራችን በፉጨት እያስጀመረ፣ ያፈጠነውንም የዘገየውንም በአርጩሜ እየመታ ስላሠለጠነን፣ እኔ ስዘምረው ሁልጊዜ እኩል ነው የሚፈጀው። አንድ ችግር ብቻ ነበረው። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጆቼን ከጎኔ አጣብቄ ካልሆነ አይወጣልኝም። ተቀምጬ ከጀመርሁት ግጥሙ ይጠፋኛል።

የካቲት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ወደ ሰፈራችን ደብር ሄድን። ቆርቆሮውን እሳቸው ያዙ፤ ውኃውን በጀሪካን እኔ። ከበሩ ገባ ብሎ መሬቱ ከፍ ይላል፤ ቀይ አፈር ነው። በየክብረ በዓሉ ሕዝቡ ቆሞ የሚያጨበጭበው እዚያ ስለሆነ ሣሩ አጥሮ መሬት ላይ ተለጥፏል። ቆርቆሮው አልገባ ብሎ በድንጋይ ቀጠቀጥነው። ውኃ ሞላን። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምሁና ጀመርሁ። ዘምሬ ጨረስሁ፤ ውኃው እንዳለ ነው። ደገምሁ። ፀሐዩ ራሴን ይመታኛል፤ በቆርቆሮው ውስጥ ሰማይ ይታያል፤ ንቅንቅ አይልም።

«ይኼስ ንፉግ ነው» አሉ እማማ ብርቄ። «ቀጥይ።»

ሦስተኛው ላይ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ከዕቃ ቤት ወጥተው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃና ቅጥሩ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ያዩት እንግዲህ ይኼን ነው፦ አንዲት አሮጊት ቆርቆሮ ላይ አጎንብሰዋል፤ አጠገባቸው አንዲት ተማሪ እንደ ወታደር ቆማ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የመንግሥትን መዝሙር ትዘምራለች። የደብሩ የእርሻ መሬት በዐዋጅ ከሄደ ቆይቷል። የቀራቸው ቅጥሩ ብቻ ነበር።

«ማን ላካችሁ? ቀበሌ ነው?»

እማማ ብርቄ ቀና አላሉም። «ይቆዩኝ አባ፣ ሊጠጣ ነው።»

«ምኑ ነው የሚጠጣው?»

«መሬቱ።»

«ለክታችሁ ለማን ልትሰጡት ነው?»

«ለራሴ። ለመቃብሬ።»

ቄሰ ገበዝ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ምን ሆነሽ ነው የምትዘምሪው?»

መዝሙር አይቋረጥም ተብለን ስለ ነበር እስከ መጨረሻው ዘለቅሁና፣

«ሰዓት ነኝ» አልኋቸው።

ቄሰ ገበዝ አፋቸውን በመቋሚያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሣቃቸው ግን በትከሻቸው ወጣ። እማማ ብርቄ የነሐሴውን ቀብር፣ የጣሳውን ነገር፣ የላስታን ዐለት አንድ በአንድ ነገሯቸው።

«መቃብር እንደ ጫማ ይለካል እንዴ፣ እናቴ?»

«ጫማስ ካልተስማማ ይወልቃል።»

ቄሰ ገበዝ ትንሽ አሰቡና «ዋንዛው ሥር ባዶ ነው፤ እዚያ ይሞክሩት» ብለው ወደ ታችኛው ቅጥር መሩን።

ዋንዛው ሥር አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋው ደርቆ እጄ እስኪገባ ድረስ ተሰነጣጥቋል። ቆርቆሮውን ስንተክለው አላስቸገረም። ውኃው ሲፈስ ከሥር የሆነ ጉሮሮ ጉርጉር አለ። እኔ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳልደርስ ቆርቆሮው ባዶ ነበር። እንደገና ሞላን፤ እንደገና ጠጣው። የጀሪካኑን ውኃ ሁሉ ጨረሰው።

«ይኼ ቸር ነው!» አሉ እማማ ብርቄ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ነጠላቸውን አንጥፈው በጀርባቸው ጋደም አሉና እግራቸውን ወደ ምሥራቅ አስተካከሉ። እኔ የሞቱ መስሎኝ ልጮህ ስል አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ቅጠሉን አዩ። «ጥላም አለው።»

«ለሞተ ሰው ጥላ ምን ያደርግለታል?» አሉ ቄሰ ገበዝ።

«ለሚያለቅሰው ነዋ!» ተነሡና የቄሰ ገበዝን መስቀል ተሳለሙ። «ዋንዛው ሥር። ቃሌ ነው፤ ቃሌን ይያዙልኝ።»

«ይዤዋለሁ» አሉ ቄሰ ገበዝ። አሁን አልሣቁም።

ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ብርቄ ሌላ ሰው ሆኑ። ከቅዳሴ በኋላ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው እንደ ቤታቸው ደጃፍ ሰው ያነጋግራሉ። አረም ይነቅላሉ። ዓሣ እንኳ አንድ ቀን ቀመሱ፤ «እሾህ ያለው ሥጋ» ብለው ተዉት እንጂ። ሐይቁን መሳደብ ትተው ነበር። አሸንፈውታል።

አባቴ ነገሩን ሙሉ በሙሉ የሰማው ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ምሳ ስንበላ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ዓመቱን ሙሉ መስክ ለመስክ ሲያንከራትተው ከርሟል። እማማ ብርቄ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ንፉጉና ስለ ቸሩ መሬት እየኮሩ ሲያወሩ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

«ጥቁሩ አፈር ላይ? በበጋ ነው የለኩት?»

«አንተ ነህ እንጂ ያስተማርኸኝ» አሉና አጎረሱት።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ የመጀመሪያውን ውኃ እንደ ተነደለ እንስራ ይውጠዋል። ክረምት ሲገባ ግን ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ አፉን ይዘጋል። ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ቀዩ ሌላ ነው። እሱን የዘጋው የሰው እግር ነው፤ ላዩ ተረግጦ ጠንክሯል እንጂ ውስጡ ወንፊት ነው።

«ንገራቸዋ እንግዲህ» አለች እናቴ።

«ምን ብዬ? አዎ ያልኋቸው እኔ አይደለሁም?»

እኔ ይህን ስሰማ መሬት ሊዋሽ እንደሚችል ገባኝ። ለብዙ ቀን ተናድጄበት በእግሬ ስመታው ሰነበትሁ።

አባቴ አንድ ጊዜ ሞከረ። «እማማ፣ ቀዩ አይሻልም ይሆን?» አላቸው።

«ቀዩ ንፉግ ነው» አሉ። አለቀ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ አንድ እሑድ ቀለበቶቹን ተሸክሞ ወደ ደብሩ ሄደ፤ ማስመሪያውን እኔ ያዝሁ። ዋንዛው ሥር ስንጥቁ ጠፍቷል። መሬቱ ለስላሳ፣ ወፍራም፣ የጠገበ ይመስላል። ብረቱ ሲገባ እንደ ሊጥ ተቀበለው። ውኃው ተሞላ፤ አባቴ ሰዓቱን ያያል፣ ማስመሪያውን ያያል። ውኃው ያለበት ላይ ነው። ካፊያ መጣና እንዲያውም ከፍ አለ። አባቴ ግን ሰዓቱን ማየት አልተወም።

ቤት ስንገባ እማማ ብርቄ ተኝተው ነበር። ሳል ከያዛቸው ሰንብቷል። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ስለዚያ ቦታ ነገር…»

«ዝም በል» አሉት፤ እጁን ያዙት። «ስንት ዓመት እንቅልፍ አጥቼ። ቦታዬን አገኘሁ ብዬ ነው ተኝቼ የማድረው።»

አባቴ የጀመረውን ተወው። እጁንም አላስለቀቀም።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ዝናባም ጠዋት ዐረፉ። ቤቱ በለቅሶ ሲሞላ አባቴ ተነሥቶ ወደ ደብሩ ሄደ፤ እኔም በካፖርቱ ጫፍ ተንጠልጥዬ ተከተልሁት። የእድሩ ሰዎች ዋንዛው ሥር መቆፈር ጀምረው ነበር። ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። አንዱ በጣሳ ይጨልፋል። አባቴ ሄዶ ጣሳውን ከሰውዬው እጅ ነጠቀው።

«ይቁም! ቀዩ ላይ ይቆፈር።»

ቄሰ ገበዝ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል። «ቃላቸው ዋንዛው ሥር ነው። የተቀበልሁት እኔ ነኝ።»

«ቃላቸው ደረቅ መሬት ነው!»

«ዋንዛው ሥር ነው ያሉት።»

«ደረቅ መስሏቸው ነው እኮ! ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ!»

አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቄሰ ገበዝ አልጮኹም። «የሞተ ሰው ቃል አይቃናም፣ ልጄ። አንተ ባትኖር፣ ያልኸውን ትቼ ያሰብኸውን ልፈልግ ብል ደስ ይልሃል?» አሉትና ወደ እኔ አዩ። «ልጅቱ ነበረች። እስቲ ምን አሉ?»

ሁሉም ዞሩብኝ። ያን ቀን እማማ ብርቄ ያሉትን ሁሉ በልቤ ቆጠርሁት። ዋንዛው ሥር ብለዋል። ስለ ዋንዛው መሬት ግን ደረቅ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

«ቸር ነው አሉ» አልሁ።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ቄሰ ገበዝ ጎንበስ ብለው ወደ ጉድጓዱ ተመለከቱ። የተጨለፈው ሁሉ ተመልሷል፤ ዝናቡ ላዩ ላይ ይፈላል።

«ቸርስ ቸር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ ከቆፋሪዎቹ አዛውንቱ፣ ውኃው ውስጥ እንደ ቆሙ፣ «አባቶች፣ እኔ ቆሜ እንዲህ ከበረደኝ እሳቸው ተኝተው እንዴት ሊሆኑ ነው?» አሉ።

ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን ወደ ቀዩ አነሡ። «ግን የተከፈተ መቃብር ባዶውን አይዘጋም። ሌላ ሰው ይጠራል።»

«እሱ ቀላል ነው» አሉ አዛውንቱ። «የሙዝ ግንድ እንቀብርበታለን።»

ቀዩ መሬት ላይ ዶማው መጀመሪያ ድንጋይ እንደ መታ ነጠረ። ቅርፊቱ ሲሰበር ግን ውስጡ እንደ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር። ዝናቡ እየዘነበበት የጉድጓዱ ወለል ውኃ አልቋጠረም። እማማ ብርቄ እዚያ ወረዱ። ምንም ድምፅ አልተሰማም። አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ ሲያዳምጥ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።

የሙዙን ግንድ ከጎረቤት ጓሮ ቆርጠው አመጡና ዋንዛው ሥር አወረዱት። ተንሳፈፈ። አዛውንቱ በእግራቸው ሲጫኑት በሌላው ጫፉ ብቅ ይላል። «ተኛ እንጂ አንተ!» አሉት። ሙዙ መሞት ያልፈለገ መሰለኝ። ከአልቃሾቹ አንዷ በነጠላዋ ውስጥ ሣቀች፤ እናቴም እያለቀሰች ሣቀች። ድንጋይ ጭነውበት አፈር መለሱበት።

በሣልስቱ ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አባርቶ ነበር። ቄሰ ገበዝ ቀዩ ላይ ጸሎቱን አድርሰው ሲጨርሱ ወደ በሩ በመሄድ ፈንታ ቁልቁል ወደ ዋንዛው መውረድ ጀመሩ፤ ጭቃው ውስጥ፣ መስቀላቸውን እንደ ያዙ።

«ለሙዝም ይጸለያል እንዴ፣ አባ?» አለች እናቴ።

ሳይዞሩ መለሱላት። «ሥጋቸው እዚህ ነው፤ ቃላቸው ግን እዚያ ነው።»

ካፊያው እንደገና ጀመረ። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ ተከተላቸው።